ሬምስ፦ ከወይኗ ጋር ከመሬት በታች የኖረች ከተማ

ከፓሪስ የምሥራቅ ባቡር ጣቢያ የሚነሳ ፈጣን ባቡር ሬምስ የሚደርሰው በ45 ደቂቃ ገደማ ነው። በመኪና ቢኬድም ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አያልፍም። የፈረንሳይ ነገሥታት ዘውድ የጫኑባት፣ ሻምፓኝ ለዓለም የተላከባት ጥንታዊ ከተማ ለዋና ከተማዋ ይህን ያህል ቅርብ በመሆኗ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ብዙ እንግዶችም የሚያዩዋት እንዲህ ነው፤ በአንድ ቀን፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር፣ በአስጎብኚ መሪነት።

«አነስተኛ ቡድን» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ሰው ነው። በአውሮፓ ተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው መንዳት የሚችለው ሚኒባስ ሹፌሩን ጨምሮ ከዘጠኝ መቀመጫ የማይበልጠውን ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ አስጎብኚው ራሱ መሪ ጨብጦ ስምንት ሰው ይዞ ይወጣል። ቁጥሩ ለእንግዳውም ይመቻል። ስምንት ሰው ጠባብ የምድር ቤት መተላለፊያ ላይ አይጨናነቅም፣ የገበሬ ግቢም አይጠበውም፣ ጥያቄ ያለውም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ከጎን ሆኖ ይጠይቃል። ከመመዝገብ በፊት ግን መጣራት ያለበት ነገር አለ። በፈረንሳይ የጉዞ ድርጅቶች በሙዚየሞችና በታሪካዊ ቅርሶች ውስጥ የሚያሰማሩት አስጎብኚ መንግሥት ያወጣውን የሙያ መታወቂያ የያዘ መሆን አለበት። መታወቂያ የሌለው ሹፌር እንግዶቹን ካቴድራሉ ደጃፍ ላይ አውርዶ የመገናኛ ሰዓት ቀጥሮ ይሄዳል። ሬምስን እንዲህ ማየት ትልቅ ኪሳራ ነው። እዚህ ከተማ ካቴድራሉና የወይን ጓዳው የአንድ ታሪክ ሁለት ክፍሎች ናቸውና፣ የሚያገናኛቸው ሰው ያስፈልጋል።

አሁን የሚታየው ካቴድራል መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1211 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታትም በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የከተማዋ ክብር ግን ከዚያ ይቀድማል። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የፍራንኮች ንጉሥ ክሎቪስ በጳጳሱ በሬሚ እጅ የተጠመቀው በሬምስ ነው። በኋላ ዘመን በተነገረው ትውፊት መሠረት ለጥምቀቱ የሚሆነውን ቅብዓ ቅዱስ ርግብ በትንሽ ብልቃጥ ከሰማይ ይዛ ወረደች። በዚህ ምክንያት ሬምስ ለፈረንሳይ ነገሥታት፣ አክሱም ጽዮን ለኢትዮጵያ ነገሥታት የነበራትን የመሰለ ማዕረግ አገኘች፤ በሌላ ስፍራ የነገሠ ሰው እንኳ እዚህ ሳይቀባ ንግሥናው የሞላ አይመስልም ነበር። ዣን ዳርክ የተባለችው የገበሬ ልጅ ልዑል ሻርልን በጠላት ይዞታ መካከል አሳልፋ ሬምስ ድረስ የወሰደችውና ሐምሌ 17 ቀን 1429 ያስቀባችው ለዚህ ነው። በ816 የተጀመረው ሥርዓት ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጸመው በ1825 ነበር። ብልቃጡን ግን አብዮተኞች በ1793 በአደባባይ ሰባብረውታል።

ቡድኑ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አስጎብኚው ሁሉንም በምዕራቡ ገጽ በስተግራ ባለው በር አጠገብ ያቆማቸዋል። ከሁለት ሺህ ከሚበልጡት የሕንጻው ቅርጻ ቅርጾች መካከል ዓይን የሚፈልገው አንዱን ነው፤ ፈገግ የሚለውን መልአክ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የከንፈሩን ጫፍ ከፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ይስቃል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የድንጋይ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ደስታ እምብዛም አይገኝም። ጠጋ ብሎ ለሚያይ ሰው ደግሞ በፊቱ ላይ የተሰበረና የተጠገነ ቦታ ይታያል።

ስብራቱ የመጣው መስከረም 19 ቀን 1914 ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ገና በሁለተኛ ወሩ ላይ ሳለ የጀርመን መድፍ ካቴድራሉን መታ። በሰሜኑ ግንብ ላይ ለጥገና የተተከለው የእንጨት ርብራብ በእሳት ተያያዘ፤ እሳቱም ወደ ጣሪያው ዘለቀ። በውስጥ በጭድ ላይ ተኝተው የነበሩት የቆሰሉ የጀርመን ወታደሮች ነበሩ፤ ጭዱም ነደደ። የጣሪያው ክዳን እርሳስ ስለነበር ቀልጦ በውኃ መውረጃዎቹ በኩል እንደ ዝናብ ፈሰሰ። ከዚያ የተረፉ፣ በአፋቸው ውስጥ እርሳሱ እንደረጋ የቀሩ የአውሬ ቅርጽ ያላቸው የድንጋይ መውረጃዎች እስከ ዛሬ ተጠብቀዋል። የመልአኩ ራስ በዚያን ቀን ተቆርጦ ወደቀና ተከሰከሰ። ስብርባሪው ተለቅሞ፣ ቀድሞ የተወሰደ የጄሶ ቅጂም እያገዘ ተጠግኖ በ1926 ወደ ቦታው ተመለሰ። ጣሪያው በኮንክሪት አዋቅር እንደገና የተሠራው በአብዛኛው ከአሜሪካዊው ባለጸጋ ከጆን ሮክፌለር በተገኘ ገንዘብ ነው። በስተኋላ ያለው የማርክ ሻጋል ሰማያዊ መስታወት ደግሞ በ1974 የተገጠመ ነው። ሐምሌ 8 ቀን 1962 የፈረንሳዩ መሪ ደጎልና የጀርመኑ መሪ አደናወር በዚሁ ካቴድራል ጎን ለጎን ቆመው አስቀድሰዋል፤ የሁለቱ አገሮች እርቅ የታየው ጀርመን ባቃጠለችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

ከዚህ በኋላ ጉዞው ወደ ታች ነው።

በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ በቅዱስ ኒኬዝ ኮረብታ ሥር ያለው መሬት ጠመኔ ነው፤ ለስላሳ፣ ነጭ፣ ጣትን የሚያነጣ። በሮማውያን ዘመንና ከዚያም በኋላ ሰዎች ለግንባታ የሚሆን ድንጋይ ከዚህ አውጥተዋል። ከላይ ጠባብ ቀዳዳ ከፍተው ወደ ታች እያሰፉ ስለቆፈሩ፣ የተረፈው ባዶ ቦታ ከሥር ሰፊ ከላይ ሹል ነው፤ ጥልቀቱም በአንዳንድ ስፍራ ከ30 ሜትር ያልፋል። ለብዙ ዘመን ተረስቶ የቆየውን ይህን ጉድጓድ ለወይን የተመኙት የሻምፓኝ ነጋዴዎች ናቸው። ክረምት ከበጋ ሙቀቱ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ አይለወጥም፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ብርሃን የለም፤ ወይን ከዚህ የተሻለ ማረፊያ አያገኝም። በ1729 የተመሠረተው ሩዊናር፣ እንዲሁም ቴታንዤ፣ ቨቭ ክሊኮና ፖመሪ ጠርሙሶቻቸውን የሚያሳድሩት እዚህ ነው። ወደ ፖመሪ ጓዳ የሚያስወርደው ደረጃ 116 እርከን አለው፤ ከታች ያሉት መተላለፊያዎች ርዝመት 18 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በሐምሌ ሙቀት ካናቴራ ለብሶ የመጣ እንግዳ ከታች ሲደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ጃኬት መያዝ ይጠቅማል።

አስጎብኚው ይህንን ሥፍራ በወይን ብቻ ካስረዳ ግማሹን ትቶታል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወቅት የጦር ግንባሩ ለአራት ዓመት ያህል ከሬምስ አጠገብ አልራቀም፤ ከላይ ያሉት ቤቶች በመድፍ ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ወይን ጓዳዎቹ ወረደ። በጠርሙስ ክምር መካከል አልጋ ተዘረጋ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ሕፃናትም ጓዳ ውስጥ በተከፈቱ ትምህርት ቤቶች ተማሩ። በ1914 መከር ወቅት በተኩስ መካከል ወይኑን የለቀሙት በአብዛኛው ሴቶች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ነበሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ከከተማዋ አብዛኛው ፈርሶ ነበር። የዛሬዎቹ ጎዳናዎች በ1920ዎቹ የሕንጻ ስልት የተሞሉት ለዚህ ነው።

ወይኑ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ በዓይን ማየት የሚቻለውም ከታች ነው። የሻምፓኝ ዋና ዋናዎቹ የወይን ዝርያዎች ፒኖ ኗር፣ መኒዬና ሻርዶኔ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፍሬያቸው ጥቁር ነው፤ ሆኖም በቀስታ ስለሚጨመቁ ልጣጩ ቀለሙን ሳይለቅ ነጭ ጭማቂ ይወጣል። ሕጉ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው፤ ከ4,000 ኪሎ ግራም ፍሬ ሊወሰድ የሚፈቀደው 2,550 ሊትር ጭማቂ ብቻ ነው። ጭማቂው መጀመሪያ እንደማንኛውም ወይን ይፈላል። ቀጥሎ የልዩ ልዩ መንደሮችና ዓመታት ወይን ተቀላቅሎ፣ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ጠርሙስ ውስጥ ይታሸጋል። እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚወጣው ጋዝ መሄጃ ስለሚያጣ ወይኑ ውስጥ ይቀራል፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት በእጥፍ ይበልጣል። የጠርሙስ ሥራ ባልጠነከረበት ዘመን ጠርሙሶች ስለሚፈነዱ ሠራተኞች የብረት ጭምብል አጥልቀው ይሠሩ ነበር። ተራ ሻምፓኝ ቢያንስ 15 ወር፣ የአንድ ዓመት መከር ብቻ የሆነው ደግሞ ቢያንስ ሦስት ዓመት ጓዳ ውስጥ ይቆያል።

ችግሩ አተላው ነው። የሞተው እርሾ ጠርሙሱ ውስጥ ይቀራል፤ ክዳኑ ቢከፈት ደግሞ ጋዙ ያመልጣል። ለዚህ መላ በማበጀት ስሟ የሚነሳው የሬምስ ተወላጅ ባርብ ኒኮል ክሊኮ ናት። በ1805 ባሏ ሲሞት የ27 ዓመት ወጣት ነበረች። በናፖሊዮን ዘመን ሕግ ያገባች ሴት ያለባሏ ፈቃድ መነገድ ስትከለከል መበለት ግን ትችል ነበር፤ እሷም የንግድ ቤቱን ተረከበች። በ1814 የናፖሊዮን ጦርነት ማብቂያው ሲቃረብ ከተፎካካሪዎቿ ቀድማ ከ10 ሺህ የሚበልጥ ጠርሙስ በመርከብ ወደ ሩሲያ ገበያ ላከች። ከሁለት ዓመት በኋላ ከጓዳ ኃላፊዋ ጋር ሆና ጠረጴዛ አስበሳች፤ ጠርሙሶቹ አንገታቸውን ወደ ታች አድርገው በቀዳዳዎቹ ተሰኩ፣ በየዕለቱም በትንሽ በትንሹ እየተነቀነቁና እየዞሩ አተላው አንገታቸው ላይ ተሰበሰበ።

ዛሬ በጓዳዎቹ የሚታዩት ተደጋግፈው የቆሙ ባለቀዳዳ ሳንቃዎች የዚያ ጠረጴዛ ልጆች ናቸው። ልምድ ያለው ሠራተኛ በሁለት እጁ ሁለት ጠርሙስ በአንድ ጊዜ ይዞ ከሩብ ዙር ሳያልፍ ያዞርና ይመልሳል፤ ጠርሙሶቹ ሳንቃውን ሲመቱ ይንቋቋሉ። በእጅ ሳምንታት የሚፈጀውን ይህን ሥራ አሁን በአብዛኛው ማሽን በአንድ ሳምንት ገደማ ይጨርሰዋል። በመጨረሻ አንገቱ በብርድ ይቀዘቅዛል፤ ክዳኑ ሲነሳ በረዶ የሆነው አተላ በግፊቱ ተፈናጥሮ ይወጣል። የጎደለው በጥቂት ጣፋጭ ወይን ተሞልቶ ቡሽ ይደረግበታል። በመጨረሻ በወይኑ ውስጥ ያለው ስኳር በሊትር ከ12 ግራም ያነሰ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ «ብሩት» ተብሎ ይጻፋል።

ቅምሻው ላይ የማይጠጣ ሰው ሊያፍር አይገባም። ባለሙያዎቹ ራሳቸው አፋቸው ውስጥ አገላብጠው ወደ ባልዲ ይተፉታል። ሬምስ የታወቀችበትን ሮዝ ቀለም ብስኩትም የሚወዱ ብዙዎች ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ ወደ ገጠር ይወጣል። ብዙዎቹ ኦቪሌ የተባለችውን መንደር ይጎበኛሉ፤ እስከ 1715 የኖረው መነኩሴ ዶም ፔሪኞን የተቀበረው በገዳሟ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሻምፓኝን የፈለሰፈው እሱ ነው የሚለው ወሬ ልክ አይደለም፤ እንዲያውም በዘመኑ አረፋ እንደ ጉድለት ይቆጠር ስለነበር ሊያስቀረው ይደክም ነበር። እውነተኛው ሙያው የልዩ ልዩ ማሳ ፍሬዎችን ማስማማት ነው። ጥሩ ጉብኝት ከታላላቆቹ ቤቶች ሌላ አንድ ገበሬ ዘንድም ያደርሳል። ከ30 ሺህ ሄክታር የሚበልጠው የሻምፓኝ ማሳ በአብዛኛው በገበሬዎች እጅ ሲሆን፣ ከሚሸጠው ጠርሙስ ብዙውን የሚሸጡት ግን ታላላቆቹ ቤቶች ናቸው። ይህን ከገበሬው አፍ መስማት ከአንድ ብርጭቆ ቅምሻ ይበልጣል።

ለቀማው ሌላ ጉዳይ ነው። በሻምፓኝ ፍሬ መለቀም ያለበት በእጅ ብቻ ስለሆነ፣ በየመከሩ እጅግ ብዙ ጊዜያዊ ሠራተኞች ይመጣሉ። በ2023 መከር ከ50 በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ፣ ለሰው በማይሆን መጠለያ ታጉረው ተገኙ። በ2025 የሻሎን ከተማ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ሦስት ሰዎችን በሰው መነገድ ጥፋተኛ አላቸው። እንግዳው ስለ ፍሬው ሲጠይቅ ማን እንደለቀመው መጠየቁም ተገቢ ነው።

ጊዜ ከተረፈ በባቡር ጣቢያው አቅራቢያ ያለ አንድ የቀድሞ ትምህርት ቤት ክፍል ይታያል። ግንቦት 7 ቀን 1945 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ የጀርመን ጦር እጅ መስጠቱን የፈረመው እዚያ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የጦር ካርታዎች ዛሬም እንዳሉ ናቸው።

ብዙ አስጎብኚዎች ሳያሳዩ የሚያልፉት ግን የሻምፓኝ ፓርክ የሚባለውን መናፈሻ ነው። በ1918 ሬምስን ከተከላከሉት መካከል ከአፍሪካ የመጡ የቅኝ ግዛት ወታደሮች ነበሩ። ለእነሱ ክብር የተሠራው የነሐስ ሐውልት በ1924 ተመረቀ፤ አንድ ነጭ መኮንን ባንዲራ ይዞ፣ አራት አፍሪካውያን ወታደሮች ከበውት ይታያሉ። አምሳያው በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ዛሬም ቆሞ ይገኛል። የሬምሱን በ1940 ከተማዋን የያዙት ጀርመኖች ነቅለው ወሰዱት። በ2013 መናፈሻው ውስጥ በቅጂው ተተካ፤ ኅዳር 6 ቀን 2018 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮንና የማሊው ፕሬዚዳንት ኬይታ አብረው አበባ አኖሩበት። መናፈሻው ከፖመሪ ጓዳ ብዙም ስለማይርቅ፣ ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ ሲገቡ ቢጠየቅ ማንኛውም አስጎብኚ በመርሐ ግብሩ ሊያስገባው ይችላል።