በኮሎምበስ ሳሎን ውስጥ የገባው ቴሪየር

በኦሃዮ ዋና ከተማ በኮሎምበስ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከሞርስ መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ የፍራንክሊን ካውንቲ የውሻ መጠለያ ይገኛል። አሳዳጊ ከሚጠብቁት ውሾች መካከል ደረተ ሰፊ፣ ጠጉረ አጭርና መንጋጋቸው የወፈረ ቴሪየር መሰሎች ጥቂት አይደሉም። ውሻ ማለት በግቢ በር ታስሮ ሌሊቱን የሚጮኽ ዘብ እንደሆነ እያየ ያደገ ኢትዮጵያዊ ወላጅ፣ አሜሪካ የተወለዱ ልጆቹ ይህን እንስሳ ሳሎን እናስገባው ሲሉት ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገር ቤት ዛሬም ሰው ይገድላልና ፍርሃቱ መሠረት አለው።

ቴሪየር የሚለው ስም መሬት ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ውሾቹ ቀበሮና አይጥን ተከትለው ጉድጓድ የሚገቡ አዳኞች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ከቡልዶግ ጋር ተዳቅለው ለፍልሚያ የሚውል ጡንቻማ ዘር ተገኘ። ውሾችን ከበሬ ጋር ማፋለም በ1835 እ.ኤ.አ. በሕግ ቢከለከልም ዘሩ ቀረ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ በ1935 ስታፎርድሻየር ቡል ቴሪየር በሚል ስም የብሪታንያን የኬኔል ክለብ እውቅና አገኘ። ወንዱ ከ13 እስከ 17 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አሜሪካዊው ዘመዱ ከዚህ ይከብዳል።

ኦሃዮ በ1987 ባወጣችው ሕግ ፒት ቡል የተባለን ውሻ ሁሉ፣ ማንንም ሳይነክስ፣ በዝርያው ብቻ አደገኛ ብላ ፈርጃ ነበር። ይህ ድንጋጌ በ2012 ተሽሮ ውሻው በሥራው እንዲመዘን ተደረገ። ሳይንሱም ወደዚያው ያዘነብላል። በ2022 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ከ18 ሺህ በላይ ውሾች ባለቤቶች የሰጡትን መልስ ከዘረ መል መረጃ ጋር አመሳክሮ፣ በውሾች መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያብራራው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ዓይንም ይሳሳታል። በፍሎሪዳ አራት መጠለያዎች በ120 ውሾች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት ሠራተኞች 62ቱን ፒት ቡል መሰል ብለው ሲሰይሙ፣ በዘረ መል ምርመራ እንዲያ ሆነው የተገኙት 25 ብቻ ነበሩ።

ይህ ማለት ግን ጥንቃቄው ይቅር ማለት አይደለም። 17 ኪሎ የሚመዝን፣ ጡንቻው የጠነከረ እንስሳ ሽኮኮ አይቶ ቢወረወር ገመዱን የያዘውን ልጅ መሬት ለመሬት ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ገመዱን አዋቂ ይያዝ፣ ማሰሪያውም በአንገት ሳይሆን በደረት የሚታሰረው ይሁን። ትንንሽ ልጆችንና ውሻን ያለ አዋቂ ብቻቸውን መተው ለየትኛውም ዝርያ አይመከርም። ሲበላ፣ ሲተኛም ሆነ አጥንት ሲግጥ አይነካም።

ጉልበቱ መውጫ ካላገኘ ሶፋውን ይበላል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ፈጣን ጉዞ፣ ለምሳሌ በአለም ክሪክ ወንዝ ዳር፣ ከዚያም ገመድ መጓተትና የተደበቀ ምግብ በአፍንጫ መፈለግ ያስፈልገዋል። ማሽተት አእምሮውን ያደክመዋል፤ ሩጫ ብቻውን ይህን አያደርግም። ሥልጠናን በተመለከተ፣ ጩኸትና ዱላ ያስከብራል የሚለው የቆየ እምነታችን በመረጃ አልተደገፈም፦ በፖርቱጋል በ92 ውሾች ላይ የተካሄደና በ2020 የታተመ ጥናት፣ ቅጣት በሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች የሠለጠኑት በምራቃቸው ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ብሎ አግኝቷል።

ለኢትዮጵያዊ ቤት ግን ትልቁ አደጋ ያለው ወጥ ቤት ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች የሚያፈርሱ የሰልፈር ውህዶች አሏቸው፤ ቢቁላሉም መርዙ አይጠፋም። ውሻው የክብደቱን ግማሽ በመቶ ያህል ሽንኩርት ከበላ ሊታመም ይችላል። ለ15 ኪሎ ውሻ ይህ 75 ግራም ነው፤ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት እንኳ አይሞላም። ለአንድ ዶሮ ወጥ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚከተፍ የምታውቅ እናት ቀሪውን ስሌት ትጨርሰዋለች። ምልክቱም ወዲያው አይታይም፦ ከቀናት በኋላ ድካም፣ የድድ መንጣትና የጠቆረ ሽንት ይመጣሉ። ስለዚህ በፋሲካ ማግስት የተረፈውን እንጀራ ፍርፍር ለውሻው መጣል፣ በአገር ቤት የደግነት ልማድ ቢሆንም፣ እዚህ ወደ እንስሳት ሐኪም የሚያስሮጥ ሊሆን ይችላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዘቢብ፣ ቸኮሌትና ቡናም ከውሻ ይራቁ።

የኮሎምበስ አየር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። በውጭ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የቆመ መኪና ውስጥ በግማሽ ሰዓት 40 ገደማ ይደርሳልና፣ ገበያ ደርሶ ለመመለስ እንኳ እዚያ አይተውም። በክረምት ደግሞ ጠጉሩ አጭር ስለሆነ ልብስ ይሻል፤ ለበረዶ ማቅለጫ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መዳፉን ስለሚያቃጥል፣ ከውጭ ሲገባ እግሩ በሞቀ ውኃ ይታጠባል።

በኦሃዮ ሕግ ከሦስት ወር በላይ የሆነው ውሻ በካውንቲው መመዝገብ አለበት። ፈቃዱ ለአንድ ዓመት፣ ለሦስት ዓመት ወይም ለዕድሜ ልክ ይወጣል፤ የየዓመቱ እድሳት ጊዜ ከዲሴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ 31 ነው። የምዝገባ ቁጥሩ ያለበት ምልክት ከአንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ አጥር ዘሎ የጠፋ ቴሪየር ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት አጭሩ መንገድም ይኸው ነው።