«ምን በልቶ ይሆን?»

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ የ11 ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ተወለድኩበት ገጠር ሄድኩ። ከደብረ ታቦር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያም በእግር የሚያስኬድ ቦታ ነው። በበዓሉ ማግስት ጠዋት ልጄ ጠፋ። ጎረቤት ቢጠየቅ የለም፤ ወንዝ ዳር ቢታይ የለም። ጭንቅ በጭንቅ ሆነን ሳለ አንድ እረኛ፣ «ቀጥቃጩ ቤት ወናፍ ሲያናፋ አይቸዋለሁ» አለን።

እኔ «ተመስገን» አልኩ። እናቴ ግን ከመጀመሪያው የባሰ ደነገጠች። «ምን በልቶ ይሆን?» ነበር ያለችው።

ይህን የምታነቡ አያቶች ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ለወጣት ወላጆች ግን ላስረዳ። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው፣ ዐይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። እኔም ልጅ ሳለሁ በቀጥቃጩ ደጅ ሳልፍ የያዝኩትን ዳቦ ጋቢዬ ውስጥ እደብቅ ነበር። አባቴ ግን በየዓመቱ ማረሻውን ተሸክሞ ወደዚያው ደጅ ይሄዳል። ከውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲያልቅለት ተቀብሎ ይመለሳል። ክፍያውም አዝመራ ሲገባ በእህል ነበር። የምንበላው ጤፍ የበቀለው በዚያ ሰው እጅ በተሳለ ማረሻ መሆኑን ያኔ አስቤው አላውቅም።

ልጄን ያገኘሁት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ፊቱ ጥቀርሻ ለብሶ ነው። ወናፉ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው። አንዱ አፉን ከፍቶ አየር ሲስብ ሌላው ተዘግቶ ይጫናል፤ በዚህ መፈራረቅ ነፋሱ ሳይቋረጥ በሸክላ አፍንጫ በኩል ወደ ከሰሉ ይገባል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እኔ ስሞክረው መክፈትና መዝጋቱን አሳስቼ እሳቱን ወደ ቆዳው ልስበው ምንም አልቀረኝም። ልጄ ሳቀብኝ።

ብረቱ የሚቀጠቀጥበት መስፍ ግንድ ላይ የተተከለ፣ ጀርባው በምት ብዛት የተላሰ ብረት ነው። ከጎኑ ሦስት ጉጠት፣ ትልቅና ትንሽ መዶሻ፣ ሞረድና ግማሽ በርሜል ውሃ አለ። ዕቃው ይኸው ነው። የአካባቢው ማረሻ፣ ወገል፣ ማጭድና ምሳር የሚወጣው ከዚህ ነው። ደጁ ላይ የዶለዶሙ ማረሻዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ክረምቱ ሳይገባ መሬቱ ደጋግሞ መታረስ አለበት፤ ለጤፍማ አራት አምስት ጊዜ የሚያርስ ገበሬ አለ። ድንጋያማው መሬት ደግሞ የማረሻውን ጫፍ ይበላዋል።

ሰውየው በዕድሜ ከእናቴ ብዙም አያንሱም። አንድ የመኪና ባሌስትራ ቁራጭና አንድ ፌሮ አንስተው ልጄን «የትኛው ማጭድ ይሆናል?» ብለው ጠየቁት። ልጄ ፌሮውን መረጠ። ሳቁ። ፌሮ ለመቀጥቀጥ ይመቻል፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ካርቦን ትንሽ ስለሆነ ግሎ ውሃ ውስጥ ቢነከርም ስለት አይዝም። ባሌስትራ ግን ሲነከር ይጠነክራል። ጥንካሬው ከበዛ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ከነከሩት በኋላ እንደገና በመጠኑ ያሞቁታል። ያኔ በተወለወለው ብረት ላይ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሰማያዊ ቀለም እየተከታተለ ይሄዳል። ስለት ከሆነ ቢጫው ላይ፣ ምት የሚበዛበት መሣሪያ ከሆነ ወደ ሰማያዊው ሲጠጋ ያቆሙታል። ቴርሞሜትር የለ፣ ሰዓት የለ። «ብረቱ ራሱ ይነግርሃል፤ አንተ ዝም ብለህ እይ» አሉት። ሰው ይበላል የተባለው ዐይን እንግዲህ ይህ ነው።

ባለቤታቸው ቡና አመጡ። እውነቱን ልናገር፤ ሲኒውን ስቀበል እጄ አመነታ። ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ኖሬ፣ እጄ አመነታ። ሰውየው አይተዋል፤ ምንም አላሉም። ልጄ ግን ቀድሞኝ ቆሎውን ይዘግን ነበር።

ማታ እናቴ ጤና አዳም አሽታ ልጁን ስታሸተው ጠየቃት። «እማማ፣ እሳቸው የሠሩትን ማጭድ ትይዣለሽ አይደል? ታዲያ ቡናቸውን ለምን አትጠጪም?»

«የአባቶች ነገር ነው ልጄ» አለችና መልሱን እንድጨርስላት ወደ እኔ ዞረች። እኔም ዝም አልኩ።

ይህ ነገር መንግሥትን ያሳሰበው ዛሬ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለዋል፤ ብረት ሠሪውን «ጠይብ» እያሉ ማዋረድም እንዲቀር አዘዋል። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እናቴ ቤት ግን ገና አልደረሰም። ከዚያም በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠርተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ አስጎትተዋል። ይህን ትምህርት ቤት በኩራት ተምረናል። መድፉን እናደንቃለን፤ ከጎረቤታችን ቀጥቃጭ ጋር ግን ቡና አንጠጣም። በጎንደር አካባቢ ብረት ሥራን ይዘው ከኖሩት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ይገኙበታል። እነሱም ይህንኑ ስም ተሸክመው ኖረዋል፤ ዛሬ አብዛኞቹ እስራኤል ናቸው።

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ልጄ ፋታ አልሰጠኝም። ከምናለሽ ተራ ለመስፍ የሚሆን የሐዲድ ቁራጭና አንድ አሮጌ ቸርኬ ገዛን። ቸርኬውን በጭቃ ለስነን ምድጃ አደረግነው፤ ወናፉ የባለቤቴ የፀጉር ማድረቂያ ነው (አሁን ሌላ ገዝቼላታለሁ)። ልሞክር ለሚል ወላጅ የተማርኩትን ልንገር። ሥራው ደጅ እንጂ ቤት ውስጥ አይሆንም፤ የከሰል ጭስ ይገድላል። ዐይን በመነጽር ይሸፈን። ናይለን ልብስ ፍንጣሪ ሲያርፍበት ቀልጦ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ጥጥ ይለበስ። ዚንክ የተለበጠ ብረት፣ ለምሳሌ የውሃ ቧንቧ፣ እሳት ውስጥ አይግባ፤ ጭሱ ያሳምማል። የጠቆረ ብረት ሁሉ ደግሞ ቀዝቅዟል ማለት አይደለም፤ ይህን እኔ በጣቴ ነው የተማርኩት።

ልጄ ከብዙ ቅዳሜ በኋላ የሠራት የመጀመሪያ ዕቃ አንዲት ጠማማ መስቀያ ናት። ለገና ስንሄድ ለአያቱ ወሰደላት። እናቴ ገለባብጣ አየቻትና ምሰሶው ላይ አስመታቻት፤ ነጠላዋንም ሰቀለችባት። በማግስቱ ምሳሯን አውጥታ፣ «ዶልዱሟል፤ ለዚያ ሰውዬ አድርስልኝ» አለችው። ደጁን ሳይሻገር መልሳ ጠራችው። «ምንም እንዳትቀምስ!»

«እሺ» አለ።

ከቀትር በኋላ ሲመለስ የምሳሩ አፍ ያበራል። ሲራመድ ኪሱ ውስጥ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። እናቴ ሰማችው፤ እኔም መስማቷን አየሁ። ምሳሩን ተቀብላ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ጥሩ አድርገው ስለውታል» አለች።