ከነቀርሳ ሕክምና በኋላ በቴሌፎን የሚሰጥ ምክር

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዐቢይ ጐዳና ላይ የምትገኘው የሐብሩ ከተማ መርሳ በብርቱካንና በማንጎ የታወቀች ናት። ከአዲስ አበባ ግን 490 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አንድ የመርሳ ባለሱቅ በነቀርሳ (ካንሰር) ታሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቢታከም፣ ሕክምናውን ፈጽሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ጥያቄው አያልቅም። ምን ይብላ? ምን ያህል ይራመድ? ድካሙስ የሥራ ነው ወይስ የበሽታው? ለዚህ ብቻ ሱቅ ዘግቶ የመኪናና የማደሪያ እየከፈሉ መመላለስ ኪሳራው ግልጽ ነው።

በውጭ አገር ይህን ምክር በቴሌፎን መስጠት ተፈትኗል። በ2001 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የኾነ 641 ከነቀርሳ የተረፉ ሰዎች ተካፍለዋል። ግማሾቹ በአንድ ዓመት ውስጥ 15 ጊዜ በቴሌፎን ተመከሩ። ዐቅማቸው ምክሩ ገና ካልደረሳቸው ይልቅ በዝግታ ቀነሰ፤ ክብደታቸውም በአማካይ 2 ኪሎ ያህል ጐደለ። ትርፉ ጥቂት ነው ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በሰባ ዓመት ዕድሜ ያለ ደጋፊ ደረጃ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

የበለጠው ማስረጃ የወጣው በ2017 ዓ.ም. ነው። የአንጀት ነቀርሳ የታከሙ 889 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ እኩሌቶቹ የጤና ትምህርት ጽሑፍ ብቻ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹን ግን መካሪ ለ3 ዓመት፣ በመጀመሪያ በአካል፣ ኋላም በአካል ወይም ከሩቅ ኾኖ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ተከታተላቸው። ከ8 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከመቶ 90 ሲኾኑ፣ ከጽሑፍ ተቀባዮቹ ግን 83 ነበሩ። ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ ምክንያቱን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጠያቂ ያለው ዕዳ ይከፈላልና። የሚፈለገውም ሥራ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ያጋጠማቸው ስለ ነበሩ አስቀድሞ ሐኪምን መጠየቅ ይገባል።

ከጧት እስከ ማታ በርጩማ ላይ ለሚውል ባለሱቅ፣ በመርሳ ሙቀት ፀሐይ ሳይበረታ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት መራመድ ይሻለዋል። የሽንኩርት ዋጋ የሚጠይቅበት ቴሌፎንም በእጁ ነው። ከሆስፒታል ሳይወጣ ማን፣ በምን ቀን እንደሚደውልለት በወረቀት አስጽፎ ቢይዝ፣ በቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ወረቀቱን አይተው ሊያስታውሱት ይችላሉ። ቴሌፎን ግን እብጠት አይዳስስም፤ አዲስ እብጠት፣ ደም ወይም ያለምክንያት መክሳት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።