የተሳቢ ነጂው መዓርግ

በአገራችን የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ደረቅ 1፣ ደረቅ 2፣ ደረቅ 3 እየተባለ በደረጃ የሚወጣ ሲሆን፣ ተሳቢ ለመጎተት የሚያበቃው የመጨረሻው ነው፤ ነዳጅ የሚያመላልሰው ደግሞ በፈሳሽ ምድብ ለብቻው ይፈተናል። የዐይንና የጤና ምርመራ፣ የጽሑፍና የተግባር ፈተና መኖሩን ማንም ስለሚያውቀው አልቆይበትም። ዳዊት ያልደገመ ተማሪ ቅኔ ቤት እንደማይገባ ሁሉ፣ ከታናሹ መኪና ጀምሮ ወደ ታላቁ መውጣት የተገባ ሥርዓት ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሙያ በክንድ ጥንካሬ ይመዝነዋል፤ እኔ ግን ጥልቅ ምሥጢሩ በቁልቁለት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። 400 ኩንታል የሚመዝን ተሳቢ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ፣ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ የሚለውን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርድ፣ ከፍታው ያከማቸው ኃይል ሁሉ የግድ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። ነጂው እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሣ የወረደ እንደ ሆነ፣ ያ ሙቀት በፍሬኑ ታምቡርና ሸራ ላይ ያርፋል፤ ታምቡሩ በግለት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። አደጋ በደረሰ ቁጥር «ፍሬን በጠሰ» ሲባል የሚሰማ ሰው አንዳች ቧንቧ የተቆረጠ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በረዥም ቁልቁለት ላይ ምንም ሳይቆረጥ ፍሬን በግለት ብቻ ይደክማል፤ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ዳግመኛ መያዙም ስለዚህ ነው። እንዲያውም የአየር ፍሬን ባለው መኪና አየሩ ፈጽሞ ቢያልቅ፣ በአየር ግፊት ታፍኖ የነበረው ብርቱ ሞላ ተፈትቶ ጎማውን ይይዘዋል እንጂ አይለቀውም።

ስለዚህ ሊቅ የሆነ ነጂ ሸክሙን ለሞተሩ ያካፍላል። አንድ ጊዜ አብሬው የተጓዝሁ አረጋዊ ነጂ፣ በጎሐ ጽዮን አፋፍ ላይ ቁልቁለቱ ገና ሳይጀምር ማርሹን ዝቅ አድርጎ ካስገባ በኋላ፣ «ልጄ፣ እዚህ ላይ ካልያዝኸው ታች አትይዘውም» አለኝ፤ ፍጥነቱ አንዴ ከገነነ ዝቅተኛው ማርሽ አልገባም ይላልና። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለው የቀደሙት ሥርዓት እጅግ የከበረ ነው፤ ዳገት በቀላሉ ለሚወጡት ለዛሬዎቹ ብርቱ ሞተሮች ግን ከዚያም አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት ያሻል። ነዳጅ እንቆጥባለን ብለው በዜሮ ማርሽ የሚለቁትን ሰዎች መገሠጽ ይገባል፤ ማርሽ ገብቶለት፣ ከነዳጅ መስጫው እግር ተነሥቶለት የሚወርድ የናፍጣ ሞተር ነዳጅ አይጠጣም፤ በዜሮ ማርሽ ሲሆን ግን ላለመጥፋት ሲል ይጠጣል። እንግዲህ ቁጠባው ከንቱ፣ አደጋው እውነተኛ ነው።

ተግሣጹ በታናናሽ አውቶሞቢል ለሚጓዙትም ይገባል፤ የተሳቢ ነጂ ለመቆሚያው ብሎ ከፊቱ የሚተወውን ክፍት ቦታ ለእነርሱ የተዘጋጀ አስመስለው ዘለው ይገቡበታል፤ ይህ ነውር ነው።

የደረቅ 3 የተግባር ፈተና እንደ ጎሐ ጽዮኑ ባለ ቁልቁለት ላይ ቢሰጥ፣ ፈታኙም ዕጩው በአፋፉ ላይ የትኛውን ማርሽ እንደ መረጠ ቢመዘግብ፣ ከታች ሲደርሱም ወርዶ የታምቡሮቹን ግለት ቢመረምር እወዳለሁ።