የስጦታ ካርድ ከጓዳችን

ከሰርግ በኋላ ሙሽሮች ተቀምጠው ስጦታቸውን ሲፈቱ አይታችኋል? ብርጭቆው ይወጣል፣ ቴርሞሱ ይወጣል፣ ብርድ ልብሱ ይወጣል፤ የሰጪው ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም። ታዲያ ማንን ያመስግኑ? ማንንስ በስሙ ይባርኩ?

በጥቅሉ ላይ የምትንጠለጠል አንዲት ትንሽ ካርድ ይህን ትፈታለች። እርሷንም መግዛት ግድ አይደለም፤ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ምሽት ሊሠሯት ይችላሉ። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ያለችውን አዲስ ቅዳምን እንውሰድ። አካባቢው ድንች የሚበቅልበት፣ በዲከረንስ ዛፍና በከሰል ስሙ የሚነሳ ደጋ ነው። ማኅተሙ ከጓዳ፣ ቀለሙ ከምድጃ ተገኘ ማለት ነው!

ወረቀቱ፦ ማኒላ ወረቀት በ5 በ8 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ያለፈ የሰርግ ጥሪ ካርድ ባዶ ወገንም ያገለግላል፤ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ግን ቀለም አይጠጣም።

ቀለሙ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ስኒ ውሃ አፍልታችሁ አጥሩ። ልጆች በጥጥ ነክረው ወረቀቱን ይቀቡ። ቡናማ ለምትፈልጉ ወፍራም ቡና ይበቃል። ቢጫው በፀሐይ ስለሚደበዝዝ ጥላ ውስጥ አድርቁት።

ማኅተሙ፦ ድንቹን ለሁለት ክፈሉና ፊቱን በጨርቅ አድርቁ። ቅጠል ወይም ኮከብ ሳሉበትና ዙሪያውን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ አውጡ። ፊደል ከሆነ በግልባጭ ቅረጹ፤ ሲታተም ይቃናል። ቢላዋውን አባት ይያዝ።

የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ማንኪያ አመድ በውሃ በጥብጣችሁ አስቀምጡ። ሲጠል ጥሩውን ውሃ በጨርቅ ላይ አፍስሱ። ድንቹን ጨርቁን አስነክታችሁ ቢጫው ወረቀት ላይ ስትጫኑት፣ ያ መልክ የሌለው ውሃ ቀይ ቡናማ ምስል ያወጣል! እርድ የአመድ ውሃ ሲነካው መልኩን ይለውጣልና። የአመድ ውሃ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ማተሙ የወላጅ ሥራ ይሁን። ሲደርቅ ጫፉን ብሱና የጥጥ ክር አስገቡበት።

አሁን የቀረው መጻፉ ነው። እባካችሁ ስማችሁን ብቻ ጽፋችሁ አታብቁ። «ለእነዚህ ልጆች ምን እንመኝላቸው?» ብላችሁ ተመካከሩ። መከባበርን? መደማመጥን? ይህ ጥያቄ ሳታስቡት የራሳችሁን ትዳር ያስፈትሻችኋል። አቅማችሁ ለሁለት ኪሎ ስኳር ብቻ ቢሆንም አትፈሩ፤ ስኳሩ በሳምንት ያልቃል፣ በእጃችሁ የጻፋችኋት ቃል ግን በአልበም ውስጥ ትቀመጣለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለሙሽራ መልካም ቃል እየጻፍን ለትዳር ጓደኛችን አንዲት «አመሰግናለሁ» ሳንል ስንት ዓመት አልፏል? ስለዚህ ከምትሠሯቸው ካርዶች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለሌላ አትስጡ። አንዷን ባል ለሚስቱ፣ ሌላዋን ሚስት ለባሏ ትጻፍ። ስጦታ ባይኖርባትም ግድ የለም፤ ትራስ ላይ አስቀምጧት።