ከኋላ ወንበር ወደ ሰሌዳው

ሠልጣኟ አንደኛ ክፍል ፊት ብቻዋን ስትቆም የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። ማታ በማርከር የጻፈችውን ካርቶን ሰሌዳው ላይ ለጠፈች፤ የ«በ» ቤት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ። በመጠቆሚያ እንጨት እየነካች «በ፣ ቡ፣ ቢ» ስትል ስልሳ ሦስት ልጆች አብረዋት ጮኹ። «ቦ» ላይ ሲደርሱ የጣሪያው ቆርቆሮ ያስተጋባ ነበር። ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ገብቷቸዋል ብላለች።

ከኋላ፣ እኔ አጠገብ የተቀመጡት የክፍሉ መምህርት ፈገግ አላሉም። ተነሥተው ሄዱና እንጨቱን ተቀብለው የመጨረሻዋን ፊደል ብቻ ነክተው አንድ ልጅ ጠየቁ። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ እጁን ከዴስኩ ሥር ደብቆ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከ«በ» ጀምሮ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ሰባተኛው ጣት ላይ ቀና ብሎ «ቦ!» አለ።

በእረፍት ሰዓት መምህርቷ ሠልጣኟን ጠጋ አሏትና፣ «አየሽው? ያ ልጅ የሚያውቀው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን ገና አላወቀውም» አሏት። እሷም ይህን በኮሌጅ አልነገሩንም አለች። እሳቸውም «ለእኔም የነገረኝ የለም» አሉ።

ዕጩ መምህራንን ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል እንዴት እናዘጋጅ የሚለው ጥያቄ በአገራችን ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። በየዘመኑ የተሰጡት መልሶች አብዛኛውን ጊዜ በዓመትና በወረቀት የሚለኩ ናቸው፦ ሥልጠናው ስንት ዓመት ይሁን፣ ምስክር ወረቀት ነው ዲፕሎማ፣ ልምምዱ ስንት ሳምንት ይውሰድ። የልጁን ጣት አይታ የምታስተውል መምህርት እንዴት ትፈጠራለች የሚለው ግን ሁልጊዜ ወደ ጎን የተገፋ ነው።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ሁላችንም ፊደል ስለቆጠርን ነው። ፊደላችን ግን ለስድስት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም። ሠላሳ ሦስቱ ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ምልክት ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር። ካዕቡ ወገቡ ላይ እጅ ያወጣል፣ ሣልሱ እጁን ወደ እግሩ ያወርዳል፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፤ እስከዚህ ድረስ ደንብ አለው። ሳድሱ ግን ብዙ ጊዜ እንዳሻው ነው፤ «ብ»፣ «ል»፣ «ን» እና «ት»ን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይበቃል። «ባ»ና «ቦ» ደግሞ አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ናቸው፤ «ባ» የቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ «ቦ» የግራው። ግራና ቀኙን ገና ያልለየ ልጅ ሁለቱን ቢያምታታ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። ማጥበቅና ማላላት በጽሑፍ ስለማይታይ «ገና» ብሎ ያነበበ ልጅ በዓሉን ይበል፣ «ገና አልመጣም» የሚለውን ይበል፣ ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። በቁቤ ለሚጻፈው አፋን ኦሮሞ የሚመደብ ሠልጣኝ ደግሞ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። እዚያ የአናባቢው መርዘምና ማጠር በጽሑፍ ይታያል፤ ልጁ አንድ ፊደል ሲያጎድል ቃሉ ሌላ ትርጉም ይይዛል።

በድሮው የቄስ ትምህርት ቤት ይህ ሁሉ በልምምድ ይወረስ ነበር። የቀደመው ተማሪ ለኋለኛው ፊደል ያስቆጥራል፤ የኔታ ከዛፉ ሥር ሆነው የሁሉንም ድምፅ ለይተው ይሰማሉ፣ የተሳሳተውን ከሩቅ ያርማሉ። ዜማን ማስቀደም የዚያ ሥርዓት ጠባይ ነው፤ ቢሆንም ከፊደል ቆጠራ ቀጥሎ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ልጁን ከዜማው የሚያላቅቅ ደረጃ ነበረው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ዜማውን ወርሶ ቀጣዮቹን ደረጃዎች የተወ ይመስለኛል።

መንግሥት መምህራንን በተቋም ማሠልጠን የጀመረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከዚያ ሐረርና ደብረ ብርሃንን የመሳሰሉ ማሠልጠኛዎች ተከተሉ። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የበዕደ ማርያም ቤተ ሙከራ ትምህርት ቤት ነበረው፤ ማሠልጠኛና ትምህርት ቤት በአንድ ጥላ ሥር ይሁኑ የሚለው ሐሳብ ያኔም ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ግን የተሠራው ከመሰላሉ ጫፍ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ነው። በ1965 ዓ.ም. በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እገዛ ባሕር ዳር ላይ የተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ሌላውን ክፍተት ሊሞላ የታሰበ ነበር፤ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን የሚያሠለጥኑትን ራሳቸውን ማን ያሠልጥናቸው? የከተማው ሰው ግቢውን እስከ ዛሬ «ፔዳ» ይለዋል፤ ጥያቄውም አልተዘጋም።

ነገሩን በአዲስ መልክ ያነሣው የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ተባለ፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍልም አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይያዝ ተባለ፤ መምህራን «ሰልፍ ኮንቴንድ» የሚሉት። ለሕፃኑ መልካም ሐሳብ ነው። ለሠልጣኙ ግን ሸክሙ በረታ። ከሰባተኛ ወይም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ፣ እንደየክልሉ፣ በእንግሊዝኛ ሲማር የቆየ ወጣት የአፍ መፍቻ ቋንቋውን በሥርዓት የተማረበትን ጊዜ ረስቶታል። አሁን ከሒሳብ እስከ ሥዕል በዚያው ቋንቋ ማስተማር አለበት። በዚያ ላይ ለረጅም ጊዜ ወደ ኮሌጆቹ የሚላከው ውጤቱ ፕሪፓራቶሪ ያላስገባው ነበር፤ ከመካከላቸው ድንቅ መምህር የወጣ ብዙ ነው፣ ግን ሙያውን መርጠው የመጡ ጥቂቶች ነበሩ።

በ1995 ዓ.ም. «ቴሶ» በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ መጣ። በቀድሞዎቹ ማሠልጠኛዎች ልምምዱ በአብዛኛው በሥልጠናው ማብቂያ የሚመጣ የጥቂት ሳምንታት ጉዳይ ነበር። ቴሶ ይህን ገልብጦ ልምምዱን ሥልጠናው መሃል አስገባው፤ ስሙም «ፕራክቲከም» ሆነ። ሠልጣኙ መጀመሪያ ከኋላ ተቀምጦ ያያል፣ ቀጥሎ መምህሩን ያግዛል፣ በመጨረሻ ብቻውን ያስተምራል። በወረቀት ላይ እንከን የሚወጣለት አይደለም።

ችግሩ ያለው «ያያል» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ምን እንደሚያይ ሳይነገረው ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሠልጣኝ የሚያየው የልጆች ማጅራት ነው። እጁ ላይ ቅጽ አለ፤ መምህሩ ዓላማውን ጻፈ? መርጃ መሣሪያ ተጠቀመ? ተማሪዎችን አሳተፈ? ስልሳ ልጅ አብሮ ሲጮህ «አሳትፏል» የሚለው ላይ ምልክት ይደረጋል። ስንቱ ልጅ ከጎረቤቱ ድምፅ ሥር ተደብቆ አፉን ብቻ እንደሚከፍት የሚጠይቅ መስመር ባየሁት ቅጽ ውስጥ አላገኘሁም። በዚህ ላይ ፖርትፎሊዮ አለ፣ የተግባር ጥናት አለ። ብዙ ሠልጣኝ የልምምዱን ምሽቶች የሚያሳልፈው የነገውን ክፍለ ጊዜ በማሰብ ሳይሆን ሪፖርት በመገልበጥ ነው።

የጉዳቱ መጠን በቁጥር የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። በተለያዩ ክልሎች በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ሁለተኛ ክፍል ደርሰው አንዲት ቃል ማንበብ ያልቻሉ ልጆች በርካታ ሆነው ተገኙ፤ በሲዳማ ከተመዘኑት ከግማሽ በላይ ነበሩ። ያ ውጤት ብዙ ነገር አንቀሳቀሰ። በሰባት ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጁ፣ መምህራን ተሠለጠኑ፣ የኮሌጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋ ኮርሶችም አብረው ተከለሱ። መጽሐፉ ድምፅን ከፊደል፣ ፊደልን ከቃል እያገናኘ ይሄዳል። መጽሐፉ ተሻሽሎ ሳለ ሠልጣኙ የሚላክበት ክፍል ውስጥ የሚሰማው ግን አሁንም «በ ቡ ቢ» ከሆነ፣ የሚማረው እሱኑ ነው።

ስለዚህ የልምምዱ ዋና ሰው የኮሌጁ መምህር አይደለም። እሱ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቅ ይላል፤ ትራንስፖርትና አበል ከተገኘ። ብዙዎቹም በትምህርት ዓይነታቸው ተመርቀው የመጡ ናቸውና አንደኛ ክፍል አስተምሮ የሚያውቅ በመካከላቸው ብርቅ ነው። ዋናዋ ሰው ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው መምህርት ናት። በሰነዱ «አማካሪ መምህር» ትባላለች። ለማማከሩ ግን በአብዛኛው የክፍለ ጊዜ ቅነሳ የለም፣ ክፍያ የለም፣ እንዴት እንደሚማከር የሚያሳይ ሥልጠናም ከስንት አንዴ ነው። አንዳንዷ ሠልጣኝ ሲመጣላት ክፍሉን አስረክባ ሻይ ቤት ብትሄድ አልፈርድባትም፤ በፈረቃ የምታስተምር፣ ደረጃው 50 በሚለው ክፍል ውስጥ ከዚያ በላይ ልጅ የያዘች ሴት ናት። ከክፍሏ ሳትወጣ፣ እንጨቱን ተቀብላ «ቦ»ን የምትጠይቅ ስትገኝ፣ የኮሌጁ የወራት ኮርስ ያላደረሰው ነገር በአምስት ደቂቃ ይደርሳል።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃውን ስድስት ዓመት አድርጎ፣ መምህራኑም ወደ ዲግሪ እንዲያድጉ አቅጣጫ ይዟል። ሠልጣኙ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ወደ ኮሌጅ መግባቱ ጥሩ ነው፤ የተሻለ ዕድሜና ዕውቀት ይዞ ይመጣል። ቢሆንም እንደ ቀድሞዎቹ ማሻሻያዎች ሁሉ፣ ትኩረቱ የሠልጣኙ ወረቀት ላይ ነው። የአማካሪዋ መምህርት ክፍለ ጊዜ በሳምንት በሁለት ቢቀነስላት፣ ምዘናውም ውስጥ የእሷ ድምፅ ክብደት ቢኖረው፣ እኔ ከአንድ ተጨማሪ ዓመት ኮርስ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ሠልጣኟ ካርቶኗን በመቀስ ሰባት ቦታ ቆራርጣ፣ ቁርጥራጮቹን ደባልቃ፣ በየዴስኩ እየዞረች አንድ በአንድ ታሳያለች። ክፍሉ ትናንት እንደነበረው አልተጋጋለም፤ ይንሾካሾካል፣ ከኋላ በኩልም ሁለት ልጆች ይገፋፋሉ። ያ ልጅ «ባ»ን «ቦ» አለ፤ ቀጥሎ እሱ ራሱ አቋረጣትና «አይደለም፣ አይደለም» ብሎ ካርዱን ከእጇ ተቀብሎ ገለባበጠው። መምህርቷ ከኋላ ሆነው ደብተር ያርማሉ፤ አልፎ አልፎ ቀና ይላሉ። በሩ ላይ የኮሌጁ ሰው ደርሶ ቆሟል፤ የመጀመሪያ ጥያቄው የትምህርት ዕቅዷን ነበር። ልምምዱ ሐሙስ ያልቃል፤ የ«ተ» ቤት የሚጀመረው ደግሞ ዓርብ ነው።