የሰንጋ ተራው ክብ ሕንጻ፦ ከተማ ሲታደስ ነባር ቢሮዎችን ማቆየት እንዴት ይቻላል?

ሰንጋ ተራ የሚለው ስም የደለበ በሬ የሚሸጥበትን የገበያ ተራ ያመለክታል። ዛሬ ወደዚህ የአዲስ አበባ ሠፈር የሚሄድ ሰው ግን የሚያገኘው በረት ሳይሆን ባንክ ነው። ከብሔራዊ ቴአትር ጀምሮ እስከ ሰንጋ ተራ ባለው አካባቢ የባንኮችና የመድን ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤቶች በመስታወት ተለብጠው ቆመዋል። ቀድሞ በሠፈሩ የነበሩ የጭቃ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በቦታቸውም ፎቆችና የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ተሠርተዋል።

በእነዚህ ረጃጅም ሕንጻዎች አጠገብ ቅርጹ ክብ የሆነ፣ ቁመቱም ዝቅ ያለ አንድ ሕንጻ ይታያል። ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት በ1950ዎቹ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የነደፈው ነው። ባንኩ በ2014 ዓ.ም ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመውን አዲሱን ዋና መሥሪያ ቤት ሲያስመርቅ ክቡ ሕንጻ አልፈረሰም። ነባሩና አዲሱ ጎን ለጎን ቆመዋል።

ይህ አንድ ምሳሌ በርካታ የአገራችን ከተሞች ዛሬ የሚጋፈጡትን ጥያቄ ያነሣል። መሐል ከተማን በአዲስ መልክ ሲገነቡ ትናንት የተሠሩ ቢሮዎችን ማቆየት ይቻላልን? መልሱ ይቻላል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ውሳኔው ፕላኑ ከመነደፉ አስቀድሞ መሰጠት ይኖርበታል። ዶዘር ቦታው ላይ ከደረሰ በኋላ የሚነሣ ክርክር አንድም ግንብ ሲያተርፍ እምብዛም አይታይም።

የትኞቹ ሕንጻዎች ናቸው?

ቅርስ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ መስጊድ፣ ወደ ቤተ መንግሥት ወይም ወደ ጎንደር ግንቦች ይሄዳል። ከ50 እና 60 ዓመታት በፊት የተሠራ ቢሮ ግን በብዙዎች ዘንድ ያረጀ ቤት እንጂ ቅርስ ሆኖ አይታይም። ለጥንታዊነት ገና ወጣት፣ ለዘመናዊነት ደግሞ ያለፈበት በመሆኑ ተከራካሪ ያጣል።

ሆኖም እነዚህ ሕንጻዎች የተወለዱበት ዘመን በአገሪቱ ታሪክ ልዩ ቦታ አለው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም ከተባረረ በኋላ መንግሥት ሚኒስቴሮቹን፣ ባንኮቹንና ማዘጋጃ ቤቶቹን የሚያኖርባቸው ቢሮዎች አስፈለጉት። በ1950 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም ተመረቀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መመሥረቻ ቻርተር ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም የተፈረመውም በዚሁ አዳራሽ ነው። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የዚሁ አርክቴክት ሥራ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ነባር ሕንጻ የነደፉት ኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስና እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ናቸው። በ1948 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ብሔራዊ ቴአትርም ከሾሜት ሥራዎች አንዱ ነው።

አብዛኞቹ የተሠሩት በአርማታ ምሰሶና አግዳሚ ነው። በዚህ ዓይነት አሠራር ክብደቱን የሚሸከሙት ምሰሶዎቹ እንጂ በመካከል ያሉት ግድግዳዎች አይደሉም። ስለዚህ የውስጡን ክፍፍል አፍርሶ ቢሮውን ወደ ሱቅ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ክሊኒክ ወይም ወደ እንግዳ ማረፊያ መለወጥ ይቻላል። ፀሐይን የሚከላከሉ የአርማታ ክንፎችና ሰፋፊ መስኮቶች ያሏቸውም ጥቂት አይደሉም። ያለ ማቀዝቀዣ መሣሪያ በነፋስና በጥላ እንዲሠሩ ታስበው የተነደፉ ናቸው። መላ ገጹ መስታወት የሆነ ሕንጻ ግን ፀሐይ በወጣች ቁጥር ይግላል፤ ኤሌክትሪክም ይፈልጋል።

ታዲያ ለምን ይፈርሳሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት የመሬት ዋጋ ነው። በመሐል ከተማ ከሕንጻው ይልቅ የቆመበት መሬት ይወደዳል። ባለ ሦስት ፎቅ ቢሮ በያዘው ቦታ ላይ ባለ ሃያ ፎቅ ማቆም ከተቻለ፣ በሒሳብ ሚዛን ነባሩ ሕንጻ ዕዳ ይመስላል።

ሁለተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በርካታ ሕንጻዎችን ወደ መንግሥት እጅ አዛወረ። ከዚያ ወዲህ በውስጡ የሚሠራው ተከራይ ባለቤት አይደለም። ኪራዩ አነስተኛ በሆነበትም ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አይኖርም። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ቧንቧው ሲፈነዳ፣ አሳንሰሩ ሲቆም የሚደርስለት የታጣ ሕንጻ ከዓመታት በኋላ «አርጅቷል፣ ይፍረስ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ያረጀው አርማታው ሳይሆን የውኃና የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው።

ሦስተኛው የምዝገባ ጉድለት ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ የሰጠው ትርጉም በሳይንሳዊ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊና በኪነ ጥበባዊ ዋጋ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ የ60 ዓመት ቢሮም ሊካተት ይችላል። ቅርስን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ለመመደብም በ2006 ዓ.ም ሌላ አዋጅ ወጥቷል። ነገር ግን በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሕንጻ በፕላን ነዳፊው ካርታ ላይ እንደ ማንኛውም ቤት ይቆጠራል።

የአፍሪካ አዳራሽ ተሞክሮ

ነባር ሕንጻን ለዘመኑ አገልግሎት ማብቃት ምን እንደሚጠይቅ የአፍሪካ አዳራሽ እድሳት ያሳያል። ሥራው 57 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ተመድቦለት ለዓመታት ከተካሄደ በኋላ አዳራሹ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ዳግም ተከፍቷል። የሕንጻው አካል የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናክሯል። የስብሰባ መሣሪያዎቹ ተቀይረዋል። የአፈወርቅ ተክሌ ታላቅ የመስታወት ሥዕልም ታድሷል። የሕንጻው መልክ ግን ሰው የሚያውቀው እንደሆነ ቀርቷል።

እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ገንዘብ ለእያንዳንዱ ሕንጻ አይገኝም። ሊገኝም አያስፈልግም። የሥራው ቅደም ተከተል ግን ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነው። በቅድሚያ ሕንጻው ይለካል፤ ፎቶግራፉና ንድፉም ይያዛል። ቀጥሎ መሐንዲስ አርማታውን ይመረምራል። በመዶሻ መሰል መለኪያ የገጹን ጥንካሬ ይፈትሻል፤ ካስፈለገም ናሙና ቆርጦ በቤተ ሙከራ ያስመረምራል፤ ፌሮው ዝጎ እንደሆነም ያያል። ከዚያ በኋላ ብቻ የሚጠናከረው፣ የሚቀየረውና የሚፈርሰው ይለያል። በመጨረሻም ለሕንጻው ሥራ ይፈለግለታል። ሥራ ያጣ ሕንጻ በጥበቃ ብቻ አይኖርምና።

ይህ አካሄድ ለአርሶ አደር እንግዳ አይደለም። ያረጀ የቡና ተክል ፍሬው ሲቀንስ ከሥሩ አይነቀልም። ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ይጎነደላል፤ ሥሩ ስለቀረ አዲሱ ቀንበጥ ፈጥኖ ይወጣል። የማይጎነደልም አለ፤ በበሽታ የተጠቃው ይነቀላል፣ ይቃጠላል። ሥራው የሚጀምረው የትኛው የትኛው እንደሆነ በመለየት ነው። በሕንጻም እንዲሁ ነው።

የሚቆየውና የሚገነባው እንዴት ይታረቃሉ?

ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ነባሩን ከፊት አስቀርቶ አዲሱን ከኋላው ወይም ከጎኑ መሥራት ነው። በ1950ዎቹ የተሠሩ ቢሮዎች ብዙውን ጊዜ ሰፊ ግቢና የመኪና ማቆሚያ አላቸው። ባዶ ቦታው ለአዲሱ ሕንጻ ይበቃል።

ሁለተኛው በአካባቢው የሚሠሩ ሕንጻዎችን ከፍታና ከመንገድ የሚርቁበትን ልክ በፕላን መወሰን ነው። ነባሩ ቤት በአዲሶቹ መካከል ተውጦ ብርሃንና መግቢያ እንዳያጣ ይረዳል።

ሦስተኛው ያልተገነባውን ከፍታ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው። በዚህ አሠራር የታወቀችው ኒውዮርክ ናት። ከተማዋ የቅርስ ሕንጻዎች ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ በ1965፣ ፔንሲልቬኒያ የተባለው ዝነኛ የባቡር ጣቢያዋ መፍረስ ሕዝቡን ካስቆጣ በኋላ ነው። ሕንጻው እንዳይፈርስ የተከለከለበት ባለቤት በዚያ ቦታ ላይ ሊሠራ ይችል የነበረውን ፎቅ እንደ መብት ለሌላ ገንቢ መሸጥ ይችላል። ገዢው በተፈቀደለት ሌላ ቦታ ያንኑ ያህል ከፍ አድርጎ ይገነባል። ከተማው ፎቁን አያጣም፤ ባለቤቱም ባዶ እጁን አይቀርም። የኢትዮጵያ ከተሞች መሬትን በሊዝ የሚያስተዳድሩ በመሆናቸው አሠራሩ እንዳለ አይገለበጥም። ሐሳቡን ግን ከሊዝ ክፍያ ቅናሽ ወይም ከምትክ ቦታ ጋር አዛምዶ ማየት ይቻላል።

ጉዳዩ አርሶ አደሩን ለምን ይመለከታል?

ከተማ የሚያድገው ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ነው። ወደ ጎን ሲያድግ የሚውጠው በዳርቻው ያለውን ማሳ ነው። ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ መሬት በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ ይከፈልበታል። ይሁንና ጤፍና በቆሎ ያበቅል የነበረ መሬት አንድ ጊዜ አስፋልት ከለበሰ ወደ እርሻ አይመለስም። በመሐል ከተማ ያለ ሕንጻን ጠግኖ መጠቀምና ባዶ የሆነውን ቦታ መሙላት የከተማውን ዳር የመግፋት ፍላጎት ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መሸሸግ የለበትም። ሁሉንም አጭር ሕንጻ «ቅርስ ነው» ብሎ ማስቀረትም ከተማውን ወደ ማሳው ይገፋዋል። ስለዚህ የሚቆዩት በታሪካቸው፣ በአሠራራቸው ወይም በአገልግሎታቸው የተመረጡ ሊሆኑ ይገባል። ምርጫው በዕድሜ ብቻ አይሆንም።

የግንባታ ዕቃውም ሌላው ምክንያት ነው። ሲሚንቶና ብረት በተወደዱበት ጊዜ ጤናማ ምሰሶ አፍርሶ ሌላ ምሰሶ ማቆም አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። በመሐል ከተማ የሚባክን ሲሚንቶ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለመስኖ ቦይ ሊውል የሚችል ሲሚንቶ ነው።

ሕንጻው ቢተርፍም ሰዉስ?

በሰንጋ ተራ የተረፈው ሕንጻ ብቻውን ሙሉ ታሪክ አይደለም። በሠፈሩ ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ወደ ሌላ የከተማዋ ክፍል ሄደዋል። በ2016 ዓ.ም በተጀመረው የኮሪደር ልማት ምክንያትም የፒያሳና የአካባቢዋ ነዋሪዎች ሠፈራቸውን ለቅቀዋል። ጥሩ ቤት ያገኘ አለ፤ ከገበያው፣ ከዕድሩና ከልጆቹ ትምህርት ቤት የራቀም አለ። ሕንጻን ማቆየት ዋጋ የሚኖረው በዙሪያው የነበረው ሕይወት፣ ማለትም ጫማ ጠጋኙ፣ ሻይ ቤቱና ማተሚያ ቤቱ፣ በአዲሱ ሠፈር ቦታ ሲኖረው ነው። በታደሰው ሕንጻ ምድር ቤት ለእነዚህ ሥራዎች ክፍል መመደብ የፕላን ውሳኔ እንጂ የዕድል ጉዳይ አይደለም።

በክልሉ ከተሞች

ጥያቄው የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር በዘመናዊ መልክ የተቀረጸችው በዚያው ዘመን ነው። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም፣ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የቆመው ፖሊ ቴክኒክ ደግሞ በ1955 ዓ.ም ተቋቋሙ። የዛሬዋ ከተማ ያደገችው በእነዚህ ዙሪያ ነው። በጎንደር፣ በደሴና በኮምቦልቻም የኮሪደር ልማት እየተካሄደ ነው። ከየከተማው ማዘጋጃ ቤቶች፣ ባንኮች፣ ፖስታ ቤቶችና ቢሮዎች መካከል የትኞቹ እንደሚቆዩ ለመለየት ጊዜው መንገዱ ከመስፋቱ በፊት ነው።

ለዚህም ሕጉ በር ከፍቷል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። ነዋሪው በስብሰባው ላይ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ጉዳዩ ይጠራል። በፕላኑ ክልል ውስጥ ያሉ ነባር ሕንጻዎች ዝርዝር አለ ወይ? ይፈርሳሉ የተባሉትን መሐንዲስ መርምሯቸዋል ወይ? የሚቆዩትስ ማን ይጠግናቸዋል፤ ምንስ ይሠራባቸዋል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ያለው ፕላን የሚፈርሰውንም የሚቆየውንም በምክንያት ያስረዳል። መልስ የሌለው ፕላን ደግሞ በሰንጋ ተራ እንደሆነው ሁሉ ለመጪው ትውልድ ስም ብቻ ያስቀር ይሆናል። የሰንጋው ገበያ የቀረው በስሙ ነው፤ ክቡ ሕንጻ ግን እስከ ዛሬ በአካል ቆሟል።